ሰባት አንበሳ፣ ከስንዴ የተሠራ

ሰኔ 24 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ወረታ

ይህ ደብተር ለተማሪ መመዝገቢያ ተብሎ የመጣ ነው። ተማሪዎቹ ለክረምቱ ወደየእርሻቸው ስለ ተበተኑ ባዶውን ከሚቀመጥ ብዬ አነሣሁት።

ዛሬ ከጎንደር ደብዳቤ ደረሰኝ። ኢንስፔክተሩ አቶ ቢሻው ሐምሌ 24 ቀን መጥተው የዝውውር ጥያቄዬን ይወስናሉ። የጠየቅሁት ደብረ ታቦርን ነው። ምክንያቱን በማመልከቻዬ በሰፊው ገልጫለሁ፦ እንደኔ ያለ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ከተማሪው እንቁራሪቱ በሚበዛበት ሜዳ ላይ አራት ዓመት መቀመጡ ለአገር ጉዳት ነው። ባለቤቴ ጸሐይነሽ ወረቀቱን አንብባ (ማንበብ ያስተማርኋት እኔ ነኝ) «ልጂቱ የታለች?» አለችኝ። ወደ በሩ ዞሬ «ደጅ አይደለችም እንዴ?» አልሁ።

«እዚህ ወረቀቱ ላይ ነው የምልዎ» አለች።

እውነትም ደብረወርቅን አልጻፍኋትም። የአምስት ዓመት ልጅ ንዳድ ይይዛታል ብሎ ማመልከት ልመና ይመስላል። ጸሐይነሽ ግን ሌላ ምክንያት አታውቅም። ክረምቱ ሲወጣ ንዳዱ ይነሣል፤ መስከረም ሳይጠባ ወደ ደጋው መውጣት አለብን ትላለች። በየቀኑ ትላለች። አምና ጥቅምት ላይ ትንሹን ልጃችንን ወስዶብናል። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም።

ሰኔ 27

ጎሕ ሲቀድ ተገለጠልኝ። ፒዛ!

ካቻምና ጎንደር ለክረምት ኮርስ ሄደን ሳለ አቶ ቢሻው ፊታቸው የቀረበውን ምስር ወጥ እያዩ «አስመራ ተማሪ ሳለሁ ፒዛ የሚባል ነገር ነበር» ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። ሌላው ሰው ምስሩን ሲበላ እኔ ነገሩን በልቤ ያዝሁት። ፒዛውንም ቢሆን በአንድ ጣልያን መጋገሪያ ቤት መስኮት አሻግሬ አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ አውቀዋለሁ ማለት ይቻላል።

ለጸሐይነሽ አስረዳኋት። ጠፍጣፋ ዳቦ፣ በላዩ ቲማቲም፣ በቲማቲሙ ላይ አይብ።

«ወጡን ዳቦው ላይ አፍስሰው ነው የሚጋግሩት?»

«እንደዚያ በይው።»

«ታዲያ እንጀራ ምን አደረጋቸው?»

ገና ብዙ መማር ይቀራታል። ቲማቲሙ ግን የሷ ነው፤ ጓሮ አሥር እግር ተክላለች።

ክብ አድርጌ አላቀርብም። ክብማ የማንም ነው። መዳፍ የምታክል፣ የእንስሳ መልክ ያላት፣ ሲያዩዋት የምታሥቅ ትሆናለች። አለቃ ከሣቀ እጁ ለፊርማ ይፈታል።

ሐምሌ 2

ቆርቆሮ ሠሪው ማረው ከአሮጌ የላምባ ጣሳ አራት መቁረጫ አወጣልኝ፤ በሬ፣ ዓሣ፣ ዶሮና ኮከብ። ሊጡ ላይ ሲጫኑት መልኩን ቆርጦ ያወጣል። «ለምን ሊሆንዎ ነው ጌታው?» አለኝ። «ለትምህርት» አልሁት። ከንፈሩን ነከሰ። ሣቁን እየዋጠ ይመስለኛል።

ሐምሌ 7

ጾሙ ተፈታ፤ ሙከራ ጀመርን። ከታች እሳት፣ ከላይ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ፍም።

በሬው አራት እግሩ አረረ። ዶሮዋ አብጣ ጎሽ አከለች። አይቡ እንደ አሸዋ ተበተነ። ጢሱን አይተው ጎረቤቶች ቤት ተቃጠለ ብለው ውኃ ይዘው መጡ።

ሐምሌ 9

ከብዙ ምርምር በኋላ የሚከተለውን ደርሼበታለሁ። እርሾው ካነሰ ዶሮዋ አታብጥም። እግርና ቀንድ ወፈር ተደርጎ ካልተቆረጠ ያርራል። አይብ በቅቤ ከታሸ ይይዛል። ጸሐይነሽም ትናንት ይህንኑ ስትል ሰምቻታለሁ፤ ግን የሷ ከልምድ ነው፣ የኔ ከምርምር ነው።

ደብረወርቅ የዳቦ ዶሮዋን አንገቷን ይዛ ግቢውን ዞረች፤ እየጮኸች ጥሬ በተነችላት። እንዲህ ስትሥቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

ሐምሌ 13

የደብሩ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ጥላቸውን ይዘው መጡ። የጎረቤት ልጆች በየደጁ በሬና ዶሮ ሲገምጡ አይተዋል።

«አቶ ደረሰ፣ በሬውን ማን ባርኮ አረደው?»

«ዳቦ ነው እኮ መሪጌታ።»

«ዳቦነቱንስ አየሁት። ልጁ ግን ‹በሬ በላሁ› ነው ያለኝ። መቼ ብለው፣ ረቡዕ።»

አይብ እንዳለበት አላነሣሁባቸውም፤ እሳቸውም የገረማቸው በሬው እንጂ አይቡ አልነበረም። ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ፈረዱ፦ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ይሁን፤ ፈረስ፣ አህያና ጥንቸል እንዳይሠራ፤ ረቡዕና ዓርብ ኮከብ ብቻ። ሲወጡ ሁለት ዶሮ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ፤ ለምርመራ ነው አሉ።

ሐምሌ 17

በጠላ ቤቱ ግድግዳ ሥር ሳልፍ የፖሊሱን አዛዥ የአምሳ አለቃ መንግሥቴን ድምፅ ሰማሁ። «ዳይሬክተሩማ እንደ ሕፃን ጭቃ ያቦካ ጀመረ፤ ዶሮና ዓሣ ነው የሚሠራው!» ቤቱ በሣቅ ተናጋ።

እንዳልሰማሁ ሆኜ አለፍሁ። ለአገር የማስብ ሰው ነኝ፤ ማንም ጠላ ጠጪ አይሥቅብኝም!

ቆይ። የሚከበር ነገር እሠራላቸዋለሁ። አንበሳ፣ ዘውድ የጫነ፣ መስቀል የያዘ። እዚያ ላይ የሚሥቅ ወንድ ካለ እናያለን።

ሐምሌ 20

ማረው አንበሳውን አመጣ። «አንበሳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ሳንቲሙን እያየሁ ነው የሠራሁት» አለ። ፊት ለፊት ሲያዩት ውሻ ነው፣ ከጎን ሲያዩት በግ። ዘውዱና መስቀሉ ግን ማንነቱን ይናገራሉ።

ጸሐይነሽ መቁረጫውን አገላብጣ አየችው። «እንግዳው ምኑን ሊበላ ነው?»

«አንበሳውን።»

«ማን ደፍሮ?»

ከፍ ያለ ነገር እንደማይገባት ነገርኋት። «ዶሮዋ ይበቃን ነበር፤ ልጄ እንኳ የሣቀችው በዶሮዋ ነው» ብላ ወደ ሊጧ ተመለሰች።

መሪጌታንም ጠየቅኋቸው። እንዲህ አሉኝ፦ «አንበሳ አውሬ ነውና አይበላም ብል ዘውዱን አቃለልሁ፤ ይበላ ብል ሕጉን ሻርሁ። ስለዚህ እኔ ይህን ነገር አላየሁትም፤ አንተም አልጠየቅኸኝም።» ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርሁት።

ሐምሌ 24

የርብ ወንዝ ሞላ። መንገዱ ከውኃ በታች ነው። አቶ ቢሻው ከወንዙ ማዶ ይፋግ ላይ ቀርተዋል። ሊጡ ቦክቷል። ምን ይዋጠኝ!

ሐምሌ 27

ውኃው አልጎደለም። ሊጡን ለሦስተኛ ጊዜ ጣልን። አልተጣለም፤ ጸሐይነሽ ክብ ክብ አድርጋ ጋግራ ለጎረቤት ታድላለች። ስለ ጣዕሙ ብዙ ሰው ያመሰግናታል። መልክ የሌለውን ነገር ማመስገናቸው ይገርመኛል።

ሐምሌ 30

ነገ ፍልሰታ ይገባል። አይብ የለ፣ ቅቤ የለ። ሕፃን እንኳ የሚጾመው ጾም ነው። ርብ ደግሞ ልክ ዛሬ መጉደል ጀመረ። ወንዝም ያድማል እንዴ?

ነሐሴ 1

ጸሐይነሽ የሽምብራ ዱቄት በኑግ ዘይትና በእርድ አሽታ እንደ አይብ አድርጋ ቀባችው። ቢጫ ሆኖ ያምራል። ጎፈሩን በበርበሬ አቀላነው። ሰባት አናብስት ወጡ፤ አንዱም አላረረም። ሳያቸው እኔው ራሴ ኮራሁ።

ነሐሴ 2

ይህን ሁሉ ካልጻፍሁት አልተኛም።

አቶ ቢሻው በስምንት ሰዓት ደረሱ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ፣ ፊታቸው አመድ። ስምንት ቀን ይፋግ ላይ ንፍሮ በልተው ነው የከረሙት። ጾም ስለሆነ የዘጠኝ ሰዓቱ ደወል እስኪደወል ተቀመጥን፤ እሳቸው በየደቂቃው ሰዓታቸውን ያያሉ። ከጠረጴዛው አንድ ወገን መሪጌታ፣ በሌላው ወገን አምሳ አለቃ መንግሥቴ። አምሳ አለቃን የጠራሁት ዐይኑ እንዲያይ ነው።

ደወሉ ተደወለ። ጨርቁን ገለጥሁ።

«ፒዛ!» አሉ አቶ ቢሻው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ምዬ እላለሁ። አንዱን አንሥተው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ አምሳ አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከየት በኩል ሊጀምሩ ነው?»

አቶ ቢሻው አንበሳውን ከአፋቸው አራቁት። ዘውዱን አዩ። አዙረው መስቀሉን አዩ። «ከጭራው» አሉ ቀስ ብለው።

«ከጭራው ቢጀምሩም መድረሻው ወዴት እንደሆነ ያው ነው።»

አቶ ቢሻው ያነሡትን ሊመልሱት ፈለጉ፤ ግን ከሌሎቹ በላይ ይቀመጥ ወይስ በታች? ወንበር ላይ ተቀምጦ መያዙስ ነውር አይደለም? ስለዚህ ቆሙ። እሳቸው ሲቆሙ አምሳ አለቃ ቆመ። እኔም ቆምሁ። መሪጌታ በመጨረሻ ተነሡና መስቀሉን ከሩቅ ተሳለሙ። አራት የተራብን ሰዎች በሰባት ዳቦ ፊት ቆመን ቀረን።

«ማን ነው ይህን ያሰበው?» አሉ አቶ ቢሻው። አንድ ወር ሙሉ ስመኘው የኖርሁት ጥያቄ ነው። አፌን ከፍቼ «ባለቤቴ ናት የጋገረችው» አልሁ።

ጸሐይነሽ በሩ ላይ ሰሐን ይዛ ቆማ ነበር። ሰማችኝ። ሰሐኗን ይዛ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች።

ከዚያ ምክክር ሆነ። እንዳይበላ፣ ያስፈራል። ለውሻ እንዳይጣል፣ ይብሳል። እሳት ውስጥ እንዳይገባ፣ አምሳ አለቃ ገና «እሳት» ሲባል እስክሪብቶውን አወጣ። አቶ ቢሻው ፈረዱ፦ መንግሥታዊ ምልክት ያለበት ስለሆነ የመንግሥት ንብረት ነው፤ በትምህርት ቤቱ ንብረት መዝገብ ይግባ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይታሸግ። እኔው በእጄ ጻፍሁት። «ተራ ቁጥር 23፤ አንበሳ፤ ከስንዴ የተሠራ፤ ብዛት ሰባት፤ ሁኔታ መልካም።»

አቶ ቢሻውን በኋላ ፈልጌ ያገኘኋቸው ማድ ቤት ነው። ከቁርጥራጩ ሊጥ ጸሐይነሽ ክብ ክብ አድርጋ ጋግራ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም አድርጋበት፣ አምስተኛውን እየበሉ ነበር። እሷ ስለ ደብረወርቅ ትነግራቸዋለች። ስለ ትንሹ ልጃችንም። እኔ ስገባ ወደ ምድጃዋ ዞረች።

ነሐሴ 3

ተፈቀደ! ደብረ ታቦር! ከመስከረም አንድ ጀምሮ። አቶ ቢሻው ወረቀቱን የሰጡት ለሷ ነው፤ እሷ ስለ ቀረበች መሰለኝ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ፦ የትምህርት ቤቱን ንብረት ለተተኪዬ አስረክቤ ርክክቡን ማስፈረም አለብኝ። ይህ ምንም አይደለም።

ነሐሴ 11

አይጥ ገብቶ የአንዱን አንበሳ ጆሮ በላ። አምሳ አለቃ መጥቶ መረመረ፤ አይጡን አላገኘውም። ድመት እንድትመደብ አዘዘ።

ነሐሴ 15

ድመቷ ቁም ሣጥኑ ላይ ወጥታ ትተኛለች። ሽታው መጥቷል። አረንጓዴ ሻጋታ ጎፈራቸው ላይ በቅሏል። ጸሐይነሽ እቃ መቋጠር ጀምራለች።

ነሐሴ 22

ተተኪዬ አቶ አዛናው ከአንበሳሜ መጣ። ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ጠመኔውን አንድ በአንድ ቆጠረ። ሰሌዳ፣ አግዳሚ፣ ደወል፣ ካርታ፣ ሁሉንም ፈረመ። ተራ ቁጥር 23 ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይህን አልረከብም።»

«ዳቦ እኮ ነው።»

«‹ሁኔታ መልካም› ይላል። አንዱ ጆሮ የለውም፤ ሁሉም ሻግተዋል። ነገ ዘውዱ ቢረግፍ ማን ሊጠየቅ ነው? እኔ አራት ልጆች አሉኝ።»

እኔ አንድ አለችኝ አልሁት።

ነሐሴ 28

ወደ ጎንደር ጽፈን ነበር፤ መልሱ በጭነት መኪና መጣ። «ጉዳዩ ለበላይ ቀርቧል። ውሳኔ እስኪደርስ አስረካቢም ተረካቢም ከቦታቸው እንዳይንቀሳቀሱ።» ውሳኔው መቼ ይደርሳል ብዬ ያመጣውን ሾፌር ጠየቅሁት። «እኔ የጫንሁት ጨው ነው ጌታው» አለኝ።

በቅሎ ጫኙ በላቸው ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ።

ጳጉሜን 1

ደብረወርቅ አተኮሳት። ከሰዓት በኋላ አንቀጠቀጣት፣ ማታ ላበች። ጸሐይነሽ አላለቀሰችም። ከአጠገቧ ተቀምጣ ጨርቅ በውኃ እየነከረች ግንባሯ ላይ ታደርጋለች። እኔ ትእዛዙን፣ ደንቡን፣ የበላይን ውሳኔ ላስረዳት ስጀምር ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ» አለችኝ። በስምንት ዓመት ትዳራችን «እርስዎ» ሳትለኝ የቀረችበት የመጀመሪያ ቀን ነው። «አንተ፣ ልጄን በዳቦ ልትቀብራት ነው?»

ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጠላ ቤት ስለ ተሣቀብኝ ብዬ ነው። ያም ሳይበቃኝ እንግዳው ፊት በሷ አላከክሁ። ጽፌዋለሁ፤ አልፍቀውም።

ጳጉሜን 3

ዛሬ ሩፋኤል ነው። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ የመንደሩ ልጆች ሁሉ ሊጠመቁበት ራቁታቸውን ወጡ። ደብረወርቅ ከመደቡ ላይ ሆና ጩኸታቸውን ታዳምጣለች። ተነሥቼ ወጣሁ።

ትምህርት ቤት ገብቼ ማሸጊያውን ቀደድሁ። ሰባቱን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኋቸው። መስቀሎቹን አንድ በአንድ ተሳለምሁና የመጀመሪያውን አንሥቼ ከራሱ ጀመርሁ።

ድንጋይ ነው። ከጣራ የሚወርደውን ዝናብ በጣሳ ተቀብዬ እየነከርሁ በላሁ። ሻጋታው ይመራል፤ ሥሩ ያለው ሽምብራ ግን አሁንም ይጣፍጣል። እጇ ጥሩ ነው፣ የጸሐይነሽ። ይህንንም ነግሬያት አላውቅም።

አምስተኛው ላይ ሳለሁ በሩ ተከፈተ። አምሳ አለቃ መንግሥቴ ነው፤ ካባው ውኃ ያንጠባጥባል። ማሸጊያውን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ አፌን አየ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያስረከብሁ ነው።»

ሊይዘኝ ነው ብዬ ዘውዱን ቶሎ ዋጥሁ፤ ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ።

«ልጂቱ እንዴት ናት?» አለ።

«ታማለች።»

«ስንት ቀረህ?»

«ሁለት።»

ወደ ውጭ ተመለሰና በሩን ከኋላው ዘጋ። በስንጥቁ አየሁት፤ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ዝናቡ ውስጥ ቆሟል። አቶ አዛናው ሊገባ ሲመጣ «ዳይሬክተሩ ሥራ ላይ ነው፣ ቆይ» ሲለው ሰማሁ። ሁለቱን ጨረስሁ። ፍርፋሪውንም ለቀምሁ።

ጳጉሜን 4

ሆዴን ቆርጦኝ አደረ። ማለዳ ሦስታችን መዝገቡ ላይ ተቀመጥን። አቶ አዛናው ባዶውን ቁም ሣጥን አይቶ «ተበላ ብዬ ልጻፍ?» አለ።

«አንበሳ አይበላም» አለው አምሳ አለቃ። «የሆነውን ሳይሆን የሚጻፈውን ጻፍ።»

ተጻፈ። «ተራ ቁጥር 23፤ ከክረምቱ ርጥበት የተነሣ ከአገልግሎት ውጭ ስለሆነ በሚመለከተው ኃላፊ ተወግዷል።» የሚመለከተው ኃላፊ እኔ ነኝ። ፈረምሁ። አቶ አዛናው ፈረመ። አምሳ አለቃ በምስክርነት ፈረመና «የቆምሁት ለዝናቡ ነው፤ ሌላ ነገር አላየሁም» አለ።

ለጸሐይነሽ «ጫኙን ጥሪው» አልኋት። ከመጠየቋ በፊት የበላሁትን ነገርኋት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። መጀመሪያ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። እየሣቀች ነው።

ጳጉሜን 5፣ አለም በር

ጠዋት ሜዳውን ለቀን ወጣን። ከጎንደር ምን ደብዳቤ እንደሚከተለኝ አላውቅም፤ ሊጠሩኝም፣ ሊያስሩኝም ይችላሉ። ሆዴ አሁንም ይጮኻል።

ብርድ ነው። ጸሐይነሽ ጋቢዋን ለልጂቱ ደርባላታለች። ደብረወርቅ በቅሎዋ ላይ በላቸውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ስናወርዳት አጉረምርማ ተመልሳ ተኛች። ግንባሯን ዳሰስሁ። ቀዝቅዟል። እጄ ከብርዱ ደንዝዞ እንዳይሆን ብዬ ብብቴ ውስጥ አሞቅሁና እንደገና ዳሰስሁ። ትኩሳት የለም።